የታመመችው ዓሣ ጠያቂ

ዓሣ ሞተብኝ ብለው የሚያለቅሱ ሽማግሌ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ያውም ቦሌ መንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በረንዳው ላይ ማኪያቶ የሚጠጣው ሰው ሁሉ እያየ። እንዴት እንደተናደድኩ! "ኧረ በስማም ጋሼ፣ ሰው ምን ይላል?" ብዬ እጃቸውን ይዤ ልጎትታቸው ስል አልነሣም አሉኝ። ነገሩን ግን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ከመሃል የተጀመረ ወሬ አልወድም።

ስሜ ብርነሽ ነው። በ1989 ዓ.ም. ሙክታር ቦሌ መንገድ ላይ በከፈተው ምግብ ቤት ካሸር ነበርኩ። አሠሪዬ ነው ብዬ ሙክታርን አልፈራውም፤ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። ንፍጡን ስጠርግለት ኖሬ ዛሬ "አቶ" ልበለው? አልለውም። ነጋዴነቱን ግን አልክድም። አንድ ጊዜ ለዕቃ ጅቡቲ ሄዶ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ የባሕር ዓሣ በመስታወት ገንዳ ተቀምጦ አየና ልቡ እዚያው ቀረ። "ብርነሽ፣ ቦሌ ላይ ይሄን ያደረገ የለም። ሰው አኳሪየም ሊያይ ይገባል፤ ቁጭ ብሎ ሲያይ ደግሞ ይርበዋል" አለኝ።

"ዓሣ አይቶ ሲርበው ክትፎ ልትሰጠው ነው?" አልኩት። አልሰማኝም። ሰምቶኝም አያውቅ።

መስታወቱ መጣ። ከነመብራቱ፣ ከነማሞቂያው፣ አየር ከሚነፋው ትንሽ ሞተር ጋር ከግድግዳው ሥር ተተከለ። ውሃውን የሚያመጣው ሚስባህ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ከጅቡቲ በሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል የባሕር ውሃ እየሞላ ያራግፍልናል። አስቡት እንግዲህ፣ እኛ ሰፈር ቧንቧ ሲጠፋ ጀሪካን ይዘን ስንሰለፍ፣ ለዓሣ ጨው ውሃ ከባሕር ድረስ በመኪና ይመጣል! እናቴ ይሄን ስትሰማ "ያ ልጅ አብዷል እንዴ?" አለች።

ዓሣዎቹ ሲነሡ ብዙ ነበሩ፤ አብዛኞቹ መንገድ ላይ አለቁ። የተረፉት ሁለት ናቸው። አንዷ ጠፍጣፋ ናት፣ ከአፏ እስከ ጭራዋ ቢጫ፤ አስተናጋጆቹ ሎሚ አሏት። ሌላው ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር የተደረደረበት፣ ቁጡ፣ ገንዳው ሁሉ የእኔ ነው ባይ ነበር። መስመሩ የወታደር ማዕረግ ስለሚመስል እሱን ሃምሳ አለቃ አሉት። ሎሚ ዝም ብላ ትዞራለች፣ ሃምሳ አለቃ ከኋላዋ እየተከተለ ያስቸግራታል። እኔ ከካሸር ጠረጴዛዬ ሆኜ "ተዋት አንተ!" እያልኩ እጮህበት ነበር፣ እንደሚሰማ ሰው።

ሙክታር "አሁን ባሕር የሚያውቅ ሰው ፈልጉልኝ" ብሎ አስነገረ። ጋሽ ዘርአጽዮን የመጡት ያን ጊዜ ነው። ምፅዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ የመርከብ ሞተር ሠራተኛ ነበሩ። ደርግ ሲወድቅ መርከቡም ቀረ፣ ባሕሩም ቀረ። እሳቸው ቦሌ ሚካኤል አንዲት ክፍል ተከራይተው የውሃ ፓምፕ እየጠገኑ ይኖሩ ነበር።

"ስለ ዓሣ ያውቃሉ?" አላቸው ሙክታር።

"እኔ የማውቀው ሞተር ነው። ዓሣ ከመርከቡ በታች ነው የሚያልፈው፤ ሰላም ተባብለን አናውቅም" አሉት።

ሙክታር በሳቅ ሞተ፤ እዚያው ቀጠራቸው።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ትንሽ የጎበጠ ሰው ነበሩ። ደረቅ ሳል ይስላሉ፤ በነጠላ ጨርቅ አፋቸውን ሸፍነው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። "ጋሼ፣ ይታከሙ እንጂ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ስላቸው፣ "የቦሌ አቧራ ነው" ይሉኛል። ምሳቸውን ለሰው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ወደ ገንዳው ዞረው ነው የሚበሉት። የዕረፍት ቀናቸው እሑድ ነበር፤ እሑድም ይመጣሉ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ "ጋሼ፣ ከእኛ ጋር ይብሉ እንጂ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰሙም?" አልኳቸው።

"ብቻዬን አይደለሁም" አሉና በማንኪያቸው ወደ ሎሚ ጠቆሙኝ።

እድር እንኳን አልነበራቸውም። አዲስ አበባ ውስጥ እድር የሌለው ሰው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። "ይግቡ እንጂ ጋሼ፣ ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ ማን ያነሣዎታል?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "እድርተኛ የሚመጣው የቀረውን ሊያጽናና አይደል? መጥተው ማንን ሊያጽናኑ ነው?" አሉኝ። ወደ ሂሳቤ ተመለስኩ።

ከሎሚ ጋር ግን ያወራሉ። ጠዋት መጥተው መብራቷን ሲያበሩላት "እንዴት አደርሽ?" ይሏታል፣ ቆስጣ ቀቅለው በጣታቸው ይዘው ያጎርሷታል። ከእጃቸው ስትበላ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ደስታ ሌላ ጊዜ አይቼው አላውቅም።

ሁዳዴ ገባ። ጾመኛው ዓሣ ፍለጋ ይመጣል፤ ቀልደኛው ደግሞ ወደ ገንዳው እያየ "ካሸር፣ ያቺን ቢጫዋን ጠብሳችሁ አምጡልኝ" ይላል። ጋሽ ዘርአጽዮን ዞር ብለው ሲያፈጡበት ምስር ያዝዛል። ሎሚ የታመመችው በዚያ ሰሞን ነው። ጎኗ ላይ ጨው የተነሰነሰባት ይመስል ነጭ ነጭ ነጥብ ወጣባት። ሰውነቷን ከድንጋዩ ጋር ታሻሻለች። ቆስጣውን ሲያቀርቡላት ፊቷን አዞረች። ጋሽ ዘርአጽዮን ቆስጣውን እንደያዙ፣ እጃቸው ውሃ ውስጥ እንዳለ ብዙ ቆዩ።

ሚስባህ በሚቀጥለው ጉዞው ዓሣዎቹን ከሸጠልን ሰውዬ ዘንድ መድኃኒት ይዞ መጣ፤ ከመዳብ የተሠራ ሰማያዊ ውሃ ነው። ትእዛዙን በቃሉ ነው የነገረን። "በሽተኛዋ ለብቻዋ ትለይ ብሏል። ሌላ ገንዳ፣ ትንሽ ሙቅ ውሃ፣ ውሃዋ በየቀኑ ይቀየር። እዚህ የነካ እጅ ሳይታጠብ እዚያ እንዳይነካ። ሌላ ዓሣ ከእሷ ጋር ወላሂ እንዳይገባ።"

"ብቻዋን?" አሉ ጋሽ ዘርአጽዮን።

"ብቻዋን።"

"የታመመ ብቻውን ይተዋል እንዴ?"

"ጋሼ፣ ዓሣ ናት እኮ" አለ ሚስባህ፤ እኔም ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ሙክታር ደግሞ ትዕግሥቱ አልቋል። "እስከ ፋሲካ እጠብቃለሁ" አለ። "እስከዚያ ካልዳነች ገንዳውን አስነሥቼ ቴሌቪዥን እሰቅላለሁ። በሽተኛ ዓሣ እያየ ሰው ይበላል?" ገንዳው ከተነሣ ጋሽ ዘርአጽዮን ወደዚያች ክፍላቸው መመለሳቸው ነው። ሥራ ማጣቱን አይደለም የፈሩት፤ ፓምፕ ሞልቷል። የፈሩት እሷን ማጣት ነው፤ እሷ ከሞተች እንዴት አደርሽ የሚሉት ማንን ነው?

ቦሌ ሚካኤል ካለ መስታወት ቆራጭ ዘንድ ሄደው ትንሽ የመስታወት ሳጥን አሠሩ። ከኩሽናው ጀርባ ያለው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በለስላሳ ሳጥኖች መሃል አስቀመጡት። ሎሚን በፕላስቲክ ጆግ ቀድተው አዛወሯት። መድኃኒቱን ጠብ ጠብ አደረጉላት። እሷም ጥግ ይዛ ቆመች፣ ጨለማ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ባዶ መስታወት ውስጥ፣ ድንጋይ የለ ዛጎል የለ።

ቅዳሜ ማታ ልንዘጋ ስንል ጋሽ ዘርአጽዮን ወደኋላ ቀሩ። እሑድ ጠዋት ስገባ ከዕቃ ቤቱ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ "ምን አደረግህ አንተ! ምን አደረግህ!" ይላሉ። ሮጬ ገባሁ። ሃምሳ አለቃ ትንሹ ሳጥን ውስጥ ነው። ሎሚ ጥግ ተወትፋለች፤ ክንፏ ተቆራርጧል፣ ጭራዋ ተነክሷል።

"ማን አስገባው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ብቻዋን ከምታድር ብዬ... ትንሽ እንኳን እንዲያጫውታት ብዬ ነው።"

ጠያቂ ብለው ያስገቡት በሽተኛዋን ሲደበድብ አደረ! ብትናገረው ያስቃል፤ ያን ጠዋት ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። ሃምሳ አለቃን አውጥተው ወደ ትልቁ ገንዳ መለሱት። ሳምንት ሳይሞላው ነጩ ነጥብ በእሱም ላይ ወጣ። መድኃኒቱ ለሎሚ እንኳን የሚበቃ አልነበረም፣ ሚስባህ ደግሞ መንገድ ላይ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሃምሳ አለቃ በጎኑ ተንሳፍፎ ተገኘ። ያ ሁሉ ቁጣው የት እንደገባ እንጃ።

ጋሽ ዘርአጽዮን በመሐረባቸው ጠቅልለው ይዘውት ወጡ። በረንዳው ዳር ካለችው ዛፍ ሥር በማንኪያ ቆፍረው ቀበሩት። ያለቀሱት ያኔ ነው። ከጎናቸው ቁጭ አልኩ፣ ሲጎተቱ እንቢ ስላሉ ምን ላድርግ። "ጋሼ፣ ሰውዬው ለብቻዋ ብሎ የለ? ምነው ባይነኩት?" አልኳቸው በንዴት።

አፍንጫቸውን ጠረጉና ነገሩኝ። ምፅዋ እያሉ ሚስት ነበረቻቸው፤ ጥሩነሽ ትባላለች። የሚተላለፍ በሽታ ያዛትና ሐኪም ቤት ለብቻ ክፍል አስገቧት። ጋሽ ዘርአጽዮን ምሳ ይዘው ሲሄዱ ከበር ይመልሷቸዋል፤ ሳህኑን ይቀበላሉ፣ እሳቸውን አያስገቡም። ጓደኞቻቸው፣ ጎረቤት፣ ሁሉም እየሄደ ከበር ይመለሳል። በመጨረሻው ቀን ነርሷ ወጥታ ያለችውን ነው የነገሩኝ። "'ሰው አልመጣም?' ብላ ጠየቀችኝ አለች። ብርነሽ፣ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ እኮ! ከበሩ ወዲህ ቆሜ ነበር። እሷ ግን ማንም አልመጣም ብላ ነው የሞተችው።"

የማኪያቶውን ሂሳብ የሚጠይቀኝን ሰው "ቆይ እስቲ አንተ!" ብዬ ጮህኩበት፤ ዞሬ ሳየው ሰውዬው ደንግጧል።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ዘርአጽዮን ራሳቸው ጠያቂ ሆኑ። ወንበር ይዘው ዕቃ ቤት ይገባሉ፣ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ አይነኳትም። "እዚህ ነኝ፣ ታይኛለሽ አይደል?" ይሏታል። እጃቸውን በሳሙና አጥበው፣ ውሃዋን ቀይረው፣ ሚስባህ ያመጣውን አዲስ መድኃኒት ጨምረው እንደገና ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ፤ ሞተሩ ቆመ፣ ማሞቂያው ቆመ። ጋቢያቸውን አውልቀው ሳጥኑን ከበው ሸፈኑት፤ መብራት እስኪመጣ በኩባያ ውሃውን እየቀዱ ከላይ መልሰው እያፈሰሱ አየር ሰጧት። ሲስሉ ፊታቸውን ወደ ለስላሳ ሳጥኖቹ ያዞራሉ። "ጋሼ፣ እኔ ልተካዎት" ብላቸው "ልምድ የለሽም" አሉኝ፤ ልክ የኩባያ መምህር ናቸው!

ትልቁ ገንዳ በዚህ ሁሉ ጊዜ ባዶ ነው። ሚስባህ "ተባዩ የሚበላው ሲያጣ ያልቃል፣ ባዶውን ይቆይ" ስላለ መብራቱ እንደበራ፣ ሞተሩ እንደነፋ ውሃ ብቻ ይሽከረከራል። ደንበኛ ሲጠይቀኝ "ታማ ተኝታለች" እለዋለሁ። ሙክታር አጠገቤ መጥቶ "ብርነሽ፣ ቴሌቪዥኑን አይቼዋለሁ፣ ትልቅ ነው" ይለኛል። "ፋሲካ ደረሰ እንዴ? አፍህን ዝጋ" እለዋለሁ።

የሕማማት ሳምንት መሃል ላይ ነው። ካሸሬ ላይ ሆኜ ከዕቃ ቤቱ "በላች! ብርነሽ፣ በላች!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። ገንዘቡን ክፍት ትቼ ሮጥኩ። ነጩ ነጥብ ከላይዋ ጠፍቷል፣ ጭራዋ ገጥሟል፣ ቆስጣውን ከጣታቸው እየቀደደች ትጎርሳለች። እልል አልኩ። በሕማማት እልል አልኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ምግብ አብሳዮቹ ምን ሆነች ብለው መጡ። ጋሽ ዘርአጽዮን ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው፣ ብዙ ሳሉ፣ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። መሐረቡን ወዲያው ኪሳቸው ውስጥ ወሸቁት።

ቅዳሜ ሎሚን ወደ ትልቁ ገንዳ መለሷት። ሙክታርም ቃሉን ጠበቀ፤ ቴሌቪዥኑ ቀረ። "አበጁ ጋሼ" ብሎ ጨበጣቸው።

የፋሲካ ማግስት አልመጡም። በነጋታውም አልመጡም። በዕረፍት ቀናቸው እንኳን የማይቀሩት ሰውዬ! ሥራ ስለቅ ቦሌ ሚካኤል ሄድኩ። አከራያቸው ወይዘሮ አሰገደች በር ከፈቱልኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ ሳንባ ነው ያሏቸው" አሉኝ። "ጤና ጣቢያ መድኃኒት ጀምረውላቸዋል። ምግቡን ደጃፋቸው ላይ አስቀምጬ ነው የምመለሰው። ሰው እንዳይገባብኝ ብለዋል።"

ሰው እንዳይገባብኝ! እየተናደድኩ ወደ ክፍላቸው ሄድኩ፤ እጀታውን ስይዝ ከውስጥ ጮኹ።

"አትግቢ!"

"ብርነሽ ነኝ ጋሼ!"

"ማን እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ አትግቢ። ለብቻ ነኝ።"

በመስኮቱ አየኋቸው። አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ፣ ግድግዳ። "የታመመ ብቻውን ይተዋል እንዴ ያሉት እርስዎ አይደሉም? ዛሬ ምን አገኘዎት? እኔ ሃምሳ አለቃ አይደለሁም፣ አልናከስዎትም!" አልኩ በመስታወቱ።

ቀና ብለው አዩኝ። "ብርነሽ፣ የሞተው እኮ ሃምሳ አለቃ ነው። የሞተው ጠያቂው ነው" አሉኝ።

እጀታውን ለቀቅሁ። ከግቢው የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ። ብዙ አላወራንም። "በላች?" አሉኝ። "በላች" አልኳቸው፤ እውነቴን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራ ስለቅ በዚያ በኩል እያለፍኩ እዚያ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ወይዘሮ አሰገደች መጀመሪያ ከሩቅ ያዩኝ ነበር፤ ኋላ እሳቸውም ሽንኩርታቸውን ይዘው እየመጡ አጠገቤ ይልጡ ጀመር። ክረምቱ ሲገባ ጃንጥላ ይዤ ተቀመጥኩ። ሰው "ይቺ ሴትዮ ግድግዳ ስትጠይቅ ትውላለች" ይል ነበር አሉ፤ ይበል።

መስከረም ሲጠባ ጤና ጣቢያው "አሁን ወደ ሰው አያስተላልፉም፣ መድኃኒትዎን ግን ይጨርሱ" አላቸው። ተላጭተው፣ የባሕር ኃይል ጃኬታቸውን ለብሰው ወደ ሥራ መጡ። ምግብ ቤቱ ሙሉ ነበር። ሙክታር በሩ ላይ ተቀበላቸው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ነጋዴ ነው። "ጋሼ፣ እኔ አልፈራሁም። ደንበኛው ሰምቷል፣ አስተናጋጆቹ አውርተዋል። ደመወዝዎ አይቀርም፣ ትንሽ ቤትዎ ይረፉ" አላቸው።

እኔ ከካሸሬ "ሙክታር!" ብዬ ጮህኩ። እሳቸው እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝ።

"ገብቶኛል ልጄ" አሉት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወጥተው በመንገዱ ዳር ቆሙ፤ ከውጪ ሆነው ገንዳውን ለማየት አንገታቸውን ይሰግጋሉ፣ ገንዳው ግን ውስጥ፣ ከግድግዳው ሥር ነው፣ አይታይም። በነጋታውም መጥተው ቆሙ። በሦስተኛው ቀን ለሙክታር "ገንዳውን ወደ መስኮቱ አምጣው፤ ካላመጣኸው ቁልፍህን ተረከበኝ" አልኩት። እየተነጫነጨ አስመጣው። መቼም የማላደርገውን እንደማልናገር ያውቃል።

እንግዲህ ሎሚ ከመስኮቱ ወዲህ፣ ጋሽ ዘርአጽዮን ከመስኮቱ ወዲያ። ጠዋት ጠዋት መጥተው ይቆማሉ፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ድምፃቸው አይሰማም። እሷም በዚያ በኩል ያለውን መስታወት ይዛ ትቆማለች። ቆስጣውን አሁን የማቀርብላት እኔ ነኝ፤ ከእኔ እጅ ትበላለች፣ ግን በልታ ወዲያው ወደ መስኮቱ ትመለሳለች።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ቤቱ ጢም ባለበት፣ ከካሸሬ ተነሥቼ ወጣሁ። ወደ እሳቸው ስጠጋ አንድ እርምጃ ሸሹ። ስከተላቸው እንደገና ሸሹ።

"ምነው ጋሼ? ድነዋል እኮ! ለምን ይሸሹኛል?"

በእጃቸው ወደ መስኮቱ አሳዩኝ። "እሷስ ድና የለ እንዴ? ማን ገባላት?"

ዞሬ አየሁ። ትልቅ ገንዳ፣ ንጹሕ ውሃ፣ አንዲት ቢጫ ዓሣ። ሙክታር ከሃምሳ አለቃ በኋላ ሌላ ዓሣ አላስመጣም፤ ማናችንም አላሰብነውም፣ ዳነች ብለን ተውናት።

ከዚያ በላይ አላስጨረስኳቸውም። በጃኬታቸው ያዝኳቸው፣ ከግድግዳው አስጠግቼ ሳምኳቸው። ቀኝ ጉንጫቸውን፣ ግራውን፣ ቀኙን፣ እንደገና ግራውን፣ የክረምቱን ሁሉ ሳምኳቸው። መጀመሪያ እጃቸው ወደ ጎን ተንጠልጥሎ ቀረ። ኋላ ትከሻዬን ያዙ፣ አጥብቀው ያዙ፤ ምን ያህል ጊዜ ሰው እንዳልነካቸው በእጃቸው ነው ያወቅሁት። በመስኮቱ ውስጥ የሚበላው ሰው ሁሉ ጉርሻውን ይዞ ያየናል። ሙክታርም ቆሞ ያየናል፤ ትንሽ ቆይቶ በሩን ከፈተና "ግቡ እንጂ፣ ሰው እያየ ነው" አለ።

ጋሽ ዘርአጽዮን አልገቡም። "ሌላ ቀን" አሉት። ቀስ ብለው ለቀቁኝ፣ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ፣ ወደ ሎሚ አዩና "ወደ እሷ ከመሄድሽ በፊት እጅሽን ታጠቢ" አሉኝ።

ወደ ቦሌ ሚካኤል መንገድ እስኪታጠፉ ድረስ ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ ገባሁ፣ ሎሚን ሳልነካ በገንዳው አጠገብ አልፌ፣ እሳቸውን የያዘ እጄን ሳልታጠብ ካሸሬ ላይ ተቀመጥኩ።